ካርታ በዳኛ ፊት፦ በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ስለነበሩ የመሬት ሙግቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጥንት የመሬት ሙግት ሳወራ አድማጮቼ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ካርታው ምን ይላል?» ብለው ነው። ይዞታው በመስመርና በቁጥር የሰፈረለት የዘመናችን ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይጠይቃል? በ1400 አካባቢ እንግሊዝ ውስጥ ወይም ፈረንሳይ ውስጥ ዳኛ ፊት የቆመ ባለመሬት ግን የሚጠየቀው «ምስክርህ ማን ነው?» ተብሎ ነበር። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ ሳስበው ዛሬም ይደንቀኛል። ከታች ያሉት መልሶች የተጻፉት ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው እንዴት እንደተደረሰ ለማሳየት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምንነጋገረው ስለ የትኛው ዘመንና ስለ የትኛው አገር ነው?

ከ1300 እስከ 1500 ገደማ ስላለው ጊዜ፣ በተለይም ስለ እንግሊዝ፣ ስለ ፈረንሳይ፣ ስለ ጣሊያንና ስለ ጀርመን ምድር ነው። የዓለም ካርታዎችን እዚህ አናነሳም። ጉዳያችን አንድን ሜዳ፣ አንድን ረግረግ ወይም የአንድን ወንዝ ዳርቻ ብቻ የሚያሳዩት ትንንሽ የአካባቢ ካርታዎች ናቸው።

ካርታ ካልነበረ ድንበር በምን ይታወቅ ነበር?

በቃል፣ በእግርና በመሐላ።

በቃል ማለት፣ የመሬቱ ሰነድ ድንበሩን መንገድ እንደሚጠቁም ሰው ይተርከዋል ማለት ነው። ከአሮጌው ዛፍ ይነሳል፣ ጅረቱን ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል፣ የድንጋዩ መስቀል ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፣ ከዚያ የወፍጮውን መንገድ ይዞ ወደ ተነሳበት ይመለሳል። አገሩን ለሚያውቅ ሰው ይህ በቂ ነበር። ዛፉ ሲቆረጥ ወይም ጅረቱ ሲደርቅ ግን ሰነዱ ያለ መሪ ይቀራል።

በእግር ማለት፣ ድንበሩን መዞር ነው። በእንግሊዝ አጥቢያዎች ከዕርገት በዓል በፊት ባሉት የምሕላ ቀናት ካህኑ ከፊት እየመራ፣ መስቀል ተይዞ፣ ሕዝቡ የአጥቢያውን ወሰን ይዞር ነበር። ልጆችም አብረው ይወጣሉ። የኋለኞቹ ዘመናት መዛግብት እንደሚነግሩን ልጆቹን ከወሰን ድንጋዩ ጋር ያላትሟቸው፣ ጅረት ውስጥ ይነክሯቸው፣ አንዳንዴም በአርጩሜ ሸንቆጥ ያደርጓቸው ነበር። ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ዓላማው ግን ልጁ ቦታውን እስከ እርጅናው እንዳይረሳው ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ ክርክር ቢነሳ ተጠርቶ የሚመሰክረው ያ ልጅ ነበርና።

በመሐላ ማለት ደግሞ፣ ከዚያው አካባቢ የተመረጡ ሰዎች ምለው የሚያውቁትን ይናገራሉ ማለት ነው። በእንግሊዝ ሥርዓት ብዙውን ጊዜ 12 ነበሩ። የዛሬው ጁሪ (ምለው ብይን የሚሰጡ ተራ ዜጎች) የጉዳዩን ነገር አስቀድሞ እንዳይሰማ ይጠበቃል፤ የዚያን ዘመን ሰዎች ግን የሚመረጡት ጉዳዩን ስለሚያውቁ ነበር። «አባቴ እዚህ ከብት ሲያሰማራ አይቻለሁ፣ አያቴም እንዲሁ ሲያደርግ እንደነበር ሰምቻለሁ» የሚል ሽማግሌ ቃሉ ይከብዳል። የማስታወሱ ነገር ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ለማየት አንድ ሕግ ልጥቀስ። በ1275 የወጣው የዌስትሚንስተር ድንጋጌ የመሬት ጥያቄ ወደ ኋላ የሚቆጠርበትን ጣራ ቀዳማዊ ሪቻርድ ከነገሠበት ከ1189 ላይ አቆመው። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ «ሰው ከሚያስታውሰው ዘመን ውጪ» ተባለ። ሕጉ የሰውን ትውስታ ራሱን ወሰን አበጀለት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ካለ ካርታ መሳል ለምን አስፈለገ?

ብዙ ጊዜ አላስፈለገም። በሁለት እርሻዎች መካከል ያለን ድንበር ለመለየት አንድ ጉድባና ሁለት ሽማግሌ ይበቃል። የቀሩልንን ካርታዎች ስንመለከት ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ አብዛኞቹ የተሳሉት ስለ ረግረግ፣ ስለ ጋራ ግጦሽ፣ ስለ ወንዝና ስለ ዱር ነው። እነዚህ ቦታዎች ቃል የሚያልቅባቸው ቦታዎች ናቸው። ረግረግ መሐል ዛፍ የለም፣ ድንጋዩ ይሰምጣል፣ ክረምት የመጣው ውኃ ዱካውን ሁሉ ያጠፋል።

ሌላም ምክንያት ነበር። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነጠላ መልስ የለውም። አንዱ መንደር ከብት የማሰማራት መብት አለው፣ ሌላው ማገዶ የመቁረጥ፣ ገዳሙ ዓሣ የማጥመድ፣ ጌታው ደግሞ ከሁሉም ግብር የመሰብሰብ። አራት መብት በአንድ መሬት ላይ ሲደራረብ በቃል ማስረዳቱ ያደክማል። ዳኛው ደግሞ ሎንዶን ወይም ፓሪስ ተቀምጦ ቦታውን አይቶት የማያውቅ ከሆነ፣ ከሃያ ገጽ ትረካ አንድ ሥዕል ይሻለዋል።

አንድ ካርታ በምሳሌነት ቢያሳዩን?

ከሁሉ የምወደው የኢንክልስሙር ካርታ ነው። ኢንክልስሙር በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሻየር፣ ወንዞች ተቀራርበው በሚፈሱበት ዝቅተኛ ምድር የሚገኝ ሰፊ ረግረግ ነበር። ከላይ ሲያዩት ከንቱ መሬት ይመስላል። ሀብቱ ያለው ከሥሩ ነው፤ ለሺህ ዓመታት የበሰበሰ ሣርና ቅጠል ጥቁር አፈር ሆኖ ተከማችቷል። ፒት ይባላል። በአካፋ እየተቆረጠ፣ ፀሐይ ላይ እየተደረደረ ይደርቅና እኛ ዘንድ ኩበት እንደሚነድ ይነዳል። ጫካ በሌለበት አገር ይህ የከተማና የገዳም ማገዶ ነበር። በጀልባ እየተጫነም ይሸጥ ነበር።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት፣ ከ1405 እስከ 1408 ባለው ጊዜ አካባቢ፣ በዚህ ረግረግ የግጦሽና የፒት መብት ላይ ሁለት ኃያላን ተጋጩ። አንደኛው በዮርክ የሚገኘው ባለጸጋው የቅድስት ማርያም ገዳም ነው። ሌላው የላንካስተር ዱክ ርስት ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ርስት በማን እጅ እንደነበር ልብ ይበሉ፤ በራሱ በንጉሡ፣ በአራተኛው ሄንሪ እጅ ነበር። ርስቱን ከዘውዱ ንብረት ለይቶ ያስተዳድረው ስለነበር መነኮሳቱ የሚሟገቱት ከንጉሥ ጋር ቢሆንም፣ ንጉሡ በዚህ ጉዳይ እንደ አንድ ባለርስት ይቆጠር ነበር።

ከዚያ ሙግት ሁለት ካርታዎች ቀርተውልናል። አንዱ ቀለል ያለ ሆኖ የዱኩ ርስት ሰነዶች በተገለበጡበት መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ሌላው ሰፊ ብራና ላይ በቀለም የተዋበ ነው። ይህንን ሁለተኛውን በቅርብ ይመልከቱት። መሐሉን የያዘው ረግረጉ ነው። ባዶ አልተተወም፤ የሣርና የተክል ሥዕል ሞልቶታል። በዙሪያው ወንዞቹ ይዞራሉ። በወንዞቹ ዳር መንደሮቹ ተደርድረዋል፤ ቤቶቹ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ድልድዮቹና በመንገድ ዳር የቆሙት መስቀሎች ሁሉ ተስለዋል። ርቀቱ ትክክል አይደለም። ቅርጹም የዛሬ ካርታ ላይ ቢደረብ አይገጥምም። የማን መንደር ከረግረጉ በየት በኩል እንደሚዋሰን ግን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያያል። ሙግቱ የጠየቀውም ይህንኑ ነበር። ሣዓሊው ከሚያስፈልገው በላይ የደከመበት ይመስለኛል፤ ተክሎቹን ያን ያህል ተጨንቆ መሳሉ ለፍርዱ አይጠቅምም። ቦታውን ይወደው የነበረ ሰው እጅ ይታየኛል።

እንዲህ ዓይነት ካርታ ምን ያህል ቀርቷል?

በጣም ጥቂት። ከ1500 በፊት የተሠሩ የእንግሊዝ የአካባቢ ካርታዎች የሚያሳዩአቸው ቦታዎች ሠላሳና ከዚያ ጥቂት በለጥ የሚሉ ናቸው። በዚያው ዘመን በቃል የተጻፉት የመሬት ሰነዶች ግን ከቁጥር በላይ ናቸው። የጠፉ ካርታዎች እንዳሉ ጥርጥር የለውም፤ ሙግቱ ካበቃ በኋላ ሥዕሉን ማን ያስቀምጠዋል? ሆኖም የጠፋውን ሁሉ ብንጨምርበት እንኳ ካርታ በዚያ ዘመን ብርቅ ነገር እንደነበር ይቀራል።

ቃሉም ይህንን ያስታውሰናል። «ማፓ» በላቲን ጨርቅ ማለት ነው፤ ከጨርቅ ወደ ሥዕል፣ ከሥዕል ወደ ዛሬው ትርጉሙ የመጣ ነው። ለእኛ ካርታ የሆነው ነገር በእነርሱ ዘንድ የራሱ መለያ ስም ገና አልነበረውም።

ማን ይስላቸው ነበር?

አብዛኞቹ ስማቸውን አልተዉልንም። በእንግሊዝ ብዙዎቹ ካርታዎች የተገኙት በገዳማት መዝገብ ውስጥ ስለሆነ ጸሐፊ መነኮሳት እንደሳሏቸው መገመት አያስቸግርም። ለምሳሌ የቸርትሲ ገዳም ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ካለው «ሌለም» ከተባለው መንደር ሰዎች ጋር በግጦሽ መሬት ተጋጭቶ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በገዳሙ መዝገብ ውስጥ የተሳለው ካርታ ወንዙን፣ ገዳሙን፣ ወፍጮዎቹንና መስኩን ያሳያል። በፈረንሳይና በጀርመን ምድር ግን ቀስ በቀስ ሥራው ወደ ባለሙያ ሣዓሊዎች ተላለፈ። የመሠዊያ ሥዕል የሚስለው ሰው ተጠርቶ የተሟጋቾችን ሜዳ ይስላል። ከዚያ በፊት ግን እንደ ምስክር ይምላል። ይህ መሐላ ትልቅ ነገር ነው፤ ሥዕሉ ተአማኒነት የሚያገኘው ከመስመሩ ትክክለኛነት ሳይሆን ከሠሪው ቃል ነበር ማለት ነው።

ባርቶሉስ ማን ነው? ለምንስ በዚህ ጉዳይ ስሙ ይነሳል?

ባርቶሉስ ዘሳሶፌራቶ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ጣሊያናዊ የሕግ ሊቅ ነው። በፔሩጃ ያስተምር ነበር፤ በ1357 ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳለ ሞተ። ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1355፣ ስለ ወንዞች አንድ ድርሰት ጻፈ። ድርሰቱ ከቲቤር ወንዝ ስም ተነስቶ «ቲቤሪያዲስ» ይባላል። ከወንጌሉ ከጥብርያዶስ ባሕር ጋር እንዳይምታታ።

ችግሩ ይህ ነበር። የሮማ ሕግ ወንዝ ቀስ በቀስ እያመጣ የሚደርበው ደለል የዳርቻው ባለመሬት ነው ይላል። ጎርፍ በአንድ ጊዜ ገምሶ የወሰደው ቁራሽ መሬት ግን የቀድሞ ባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል። በወንዙ መሐል ደሴት ከተፈጠረ ደግሞ በሁለቱ ዳርቻ ያሉ ባለመሬቶች ይካፈሉታል፤ ወደ አንዱ ዳር ከተጠጋ ለዚያ ዳር ባለመሬቶች ይሆናል። በወረቀት ላይ ሲያነቡት ፍትሐዊ ነው። መሬቱ ላይ ሲወርዱ ግን ወንዙ ይጠማዘዛል፤ በዚህኛው ዳር ሦስት ባለመሬት፣ በወዲያኛው ሁለት አሉ፤ ደሴቷም ሹል ናት። የማን ድርሻ እስከ የት ነው?

ነገሩ ለእኔ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በልጅነቴ ባደግሁበት አገር አንድ ክረምት ወንዙ መፍሰሻውን ለወጠና ሁለት ጎረቤታሞች ተጣሉ። ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አደግድገው አዲሱን ዳርቻ ከላይ እስከ ታች ሲሄዱበት፣ አንደኛው በበትሩ አሸዋው ላይ መስመር ሲያሰምር ትዝ ይለኛል። ያን በትር ባርቶሉስን ሳነብ ነው መልሼ ያየሁት።

ባርቶሉስ ራሱ እንደሚተርከው፣ ከማስተማር ዕረፍት ወስዶ በቲቤር ዳር ባለ አንድ ቪላ ተቀምጦ ወንዙን ይመለከት ነበር። ጥያቄዎቹ መጡበት፤ ግን ዕረፍቱን ላለማወክ ተዋቸው። ሊነጋጋ ሲል በሕልሙ አንድ ደግ ፊት ያለው ሰው መጣና ያሰብከውን ጻፈው አለው፤ ነገሩ በዓይን መታየት ስላለበትም በሥዕል አስረዳው ብሎ መቃ ብዕርና ማስመሪያ አቀበለው። ባርቶሉስ ግን አመነታ። የሕግ ሊቅ ክብና መስመር ሲስል ሰው ይስቅበታል ብሎ ፈራ። በኋላ የጂኦሜትሪ ዕውቀት ያለው መነኩሴ አግዞት መጽሐፉን በሥዕሎች ሞላው። በኮምፓስና በማስመሪያ እየለካ፣ አዲሱ መሬት ለማን ይበልጥ እንደሚቀርብ እያየ ይከፋፍለዋል።

ሕልሙን እንደ ጌጥ አልቆጥረውም። በዚያ ዘመን ሕግ ማለት ጽሑፍ ነበር፤ ጽሑፍን ደግሞ በጽሑፍ እንጂ በሥዕል ማብራራት የተለመደ አልነበረም። ሊቁ ድፍረቱን ከራሱ ጭንቅላት አመጣሁት ከማለት ከሕልም አመጣሁት ማለቱ ነገሩ ምን ያህል እንግዳ እንደነበር ይነግረናል። ድርሰቱ ከጣሊያን አልፎ ተሰራጨ። በፈረንሳይ አንዳንድ አውራጃዎች ለፍርድ ቤት የሚሳለው የመሬት ሥዕል «ቲቤሪያድ» ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲጠራ ኖሯል።

ታዲያ ፍርድ ቤት ካርታን እንደ ማስረጃ ይቀበለው ነበር?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካርታው ብቻውን አልመሰከረም። የመሰከሩት ሰዎችና ሰነዶች ናቸው፤ ካርታው ቃላቸውን ለዓይን የሚያቀርብ ረዳት ነበር። ምስክሩ «ከመስቀሉ ወዲህ የእኛ ነው» ሲል ዳኛው መስቀሉን በሥዕሉ ላይ ያያል። ሥዕሉ መስቀሉ የት እንደቆመ ያሳያል እንጂ መሬቱ የማን እንደሆነ አይወስንም። ስምምነት ሲደረግም ሆነ ፍርድ ሲሰጥ፣ የሚጸናው በቃላት የተጻፈው ነው።

ካርታ ከዚህ የበለጠ ክብደት የሚያገኝበት መንገድ አንድ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙበት። በፈረንሳይ ተሟጋቾቹ በአንድነት የተቀበሉት ሥዕል የተስማሙበት ሥዕል ተብሎ ይያዛል። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ሣዓሊውና ተሟጋቾቹ ቦታው ድረስ ይወርዳሉ፤ አንዱ «ይህን ጉብታ ረስተኸዋል» ሲል ሌላው ይከራከራል። በመጨረሻ የጸደቀው ሥዕል ቢያንስ ስለ ምን እንደሚጣሉ የተስማሙበት ሰነድ ይሆናል። ለብዙ ሙግት ይህ ራሱ ግማሽ መንገድ ነው።

ካርታው ላሳለው ወገን አያደላም ነበር?

ያደላል። ውሸት ስለሚሳል ብቻ ግን አይደለም። የራሴን ግቢ በር፣ አጥርና ዛፍ ሳይቀር ስዬ የጎረቤቴን በአንድ ክብ ባልፈው፣ አንድም ሐሰት ሳልጨምር አድልቻለሁ። የገዳማቱ ካርታዎች ላይ ገዳሙ ሁልጊዜ ትልቅ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት ያለችው የታኔት ደሴት ካርታ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የካንተርበሪው የቅዱስ አውግስጢኖስ ገዳም መነኩሴ ቶማስ ኤልምሃም የገዳሙን ታሪክ ሲጽፍ ይህን ካርታ ጨመረበት። ከኋላው ያለው ታሪክ እንዲህ ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኬንት ንጉሥ ኤክበርት ዘመን ሁለት ወንድማማች መሳፍንት ተገደሉ፤ ደማቸው በንጉሡ ላይ ነበር። እህታቸው ዶምነቫ የደም ካሳ ስትጠየቅ ለገዳም መሥሪያ የሚሆን መሬት ፈለገች፤ መጠኑንም ለማዳ አጋዘኔ በአንድ ሩጫ የምትዞረው ይሁን አለች። ንጉሡም እሺ አለ። አጋዘኗ ተለቀቀች። ቱኖር የተባለው የንጉሡ ሰው ሊቃወም ሲል ምድር ተከፍታ ዋጠችው።

ኤልምሃም ይህን ሁሉ በካርታ ላይ አሰፈረው። የአጋዘኗ ሩጫ ደሴቷን አቋርጦ የሚሄድ መስመር ሆኖ ተስሏል፤ ቱኖር የተዋጠበት ቦታም አልተረሳም። ከተባለው ሩጫ ሰባት መቶ ዓመት በኋላ፣ የዶምነቫን ገዳም መሬት የወረሰው የኤልምሃም ገዳም መስመሩን የይዞታው ወሰን አድርጎ ያሳያል። በዛሬ ዓይን ተረት ነው። በእርሱ ዓይን ግን የመሬቱ መነሻ ይህ ነው፤ ወሰኑን ያሰመረችው አጋዘን ከማንም ቀያሽ በላይ የታመነች ናት። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ኤልምሃም የገዳሙን ጥንታዊ ሰነዶች ፊደላቸውን ሳይቀር እያስመሰለ ገልብጧል፤ ከእነርሱ ውስጥ በኋላ ሐሰተኛ ሆነው የተገኙ አሉ። መነኩሴው እያወቀ አታሏል ብዬ አልፈርድም። ገዳሙን ይወድ ነበር፤ ሰው የሚወደውን ሲስል አጉልቶ ይስላል።

ካርታዎቹ በልኬት የተሠሩ ነበሩ?

በጥቅሉ አይደሉም። መጠነ ልኬት ያለው የከተማ ካርታ በአውሮፓ ብርቅ ነው፤ ከጥንቶቹ አንዱ በ1421 አካባቢ የተሠራውና በኋላ ግልባጭ የቀረልን የቪየና ካርታ ነው። የሙግት ካርታዎች የሚያሳዩት የቱ ከየቱ ቀጥሎ እንደሚገኝ እንጂ ስንት ክንድ እንደሚራራቅ አልነበረም። ሰሜንም ሁልጊዜ ከላይ አይደለም።

ነገሩ የተለወጠው መቼ ነው?

በአንድ ዓመት የተለወጠ ነገር የለም። ሁለት ምልክቶች ግን አሉ። በ1460 የቬኒስ የአሥሩ ምክር ቤት በሥሩ ያሉ ከተሞች ገዢዎች የየግዛታቸውን ካርታ ከነርቀቱ አሠርተው እንዲልኩ አዘዘ። ይህ የመንግሥት ፍላጎት ነው። በ1495 ደግሞ ቀዳማዊ ማክሲሚሊያን በጀርመን ምድር የንጉሠ ነገሥቱን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቋቋመ። በቀጣዩ መቶ ዓመት በዚህ ፍርድ ቤት ፊት የሚቀርቡት ባለቀለም የመሬት ሥዕሎች በዙ፤ «አውገንሻይን» ይሏቸው ነበር፣ በዓይን የታየ እንደማለት። ዳኛው ወደ መሬቱ መውረዱ ቀርቶ መሬቱ ወደ ዳኛው ይመጣ ጀመር። በእንግሊዝ በልኬት የተሠራ የርስት ካርታ የተለመደው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ፣ ቀያሽነት ሙያ ሲሆን ነው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው የነበረበትን ቦታ ቀስ በቀስ የቀያሹ የመለኪያ ሰንሰለትና መሣሪያ ወሰደው።

በኢትዮጵያስ በዚያው ዘመን እንዴት ነበር?

ያነጻጸርነው እንደሆነ እኛም የቃል አገር ነበርን። የጉልትና የርስት ሰነዶች የሚጻፉት በገዳማትና በአድባራት ወንጌሎች ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነው። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው በሺመዛና የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ገዳም የወርቅ ወንጌል የንጉሥ ላሊበላን ዘመን ሰነዶች ሳይቀር ይዟል። ሰነዱ ሰጪውንና ተቀባዩን ይጠራል፣ ምስክሮቹን ይዘረዝራል፣ ቃሉን የሚያፈርስ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዝ ብሎ ይዘጋል። አውሮፓዊው ሣዓሊ በመሐላ እንደታሰረ ሁሉ እኛ ዘንድ ጽሑፉን ያሰረው ግዝት ነው።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ፣ ለገበሬው መጀመሪያ የተሰጠው የይዞታ ደብተር ካርታ አልነበረውም። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ ብሎ አዋሳኞቹን ይዘረዝር ነበር። ካርታ የገባው በሁለተኛው ደረጃ ደብተር ነው። በአውሮፓ መቶ ዓመታት የፈጀውን መንገድ እኛ በአንድ ትውልድ ስንሄደው አይተናል።

ዛሬ ካርታ ብቻውን ድንበር ይወስናል?

በአገሮች መካከል እንኳ አይወስንም። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በቡርኪና ፋሶና በማሊ የድንበር ጉዳይ በታኅሣሥ 1986 በሰጠው ፍርድ ካርታ በራሱ፣ ካርታ ስለሆነ ብቻ፣ የግዛት ባለቤትነት ማረጋገጫ ሊሆን እንደማይችል ተናግሯል። ልዩ የሚሆነው የስምምነት ሰነድ አካል ሆኖ ሲያያዝ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን በ2002 ውሳኔውን ሲሰጥ በ1900ው ውል ላይ የተያያዘውን ካርታ ያን ያህል የመረመረው ለዚህ ነው፤ ውሉ ራሱ ድንበሩን በካርታው ላይ እንደተሰመረው ይላልና። የፈረንሳይ ዳኞች የተስማሙበት ሥዕል ሲሉት የነበረው ነገር ነው።

እነዚህን ካርታዎች ማየት ይቻላል? ሳያቸውስ ምን ልፈልግ?

የኢንክልስሙርና የቸርትሲ ካርታዎች በምዕራብ ሎንዶን በኪው በሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይጠበቃሉ። የታኔት ካርታ ያለው በካምብሪጅ በትሪኒቲ ሆል ነው። ምስላቸው በኢንተርኔት ላይም ይገኛል።

ሲያዩአቸው መጀመሪያ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት ብለው አይጠይቁ። ጣትዎን ጠርዙ ላይ ያድርጉና ሣዓሊው የት ቆሞ እንደሳለው ይፈልጉ። ቤቶቹ ፊታቸውን ወዴት እንዳዞሩ ይዩ፤ በየት መንገድ ሲሄድ እንዳያቸው ይነግርዎታል። ከዚያ በጥንቃቄ የተሳለውንና በችኮላ የታለፈውን ለይተው ያስተያዩ። በመጨረሻ ባዶውን ይመልከቱ። ስም ያልተጻፈበት፣ ቀለም ያልገባበት ቦታ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ የሌላኛው ተሟጋች ከብት ይግጥ የነበረው እዚያ ነው።